የአንዳርጌ ውሻ ለምን ማዶ ቀረ

ተረት ተረት ስላችሁ ከልባችሁ «የመሰረት» በሉኝ። እሰይ፣ ተባረኩ።

«ቡችላ በልጅነቱ ካልታሰረ ቤት አይጠብቅም» ይሉ ነበር የታንኳ ቀዛፊው የአንዳርጌ አባት። ሲበሉም ይሉታል፣ ሲጠጡም ይሉታል። እሳቸው ቢሞቱም ነገሩ በአንዳርጌ ጆሮ ቀርቶ ነበር።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳ እንደ ሰው ይናገር በነበረበት ዘመን፣ አንዳርጌ ሐይቁ ላይ ሲቀዝፍ አፉ የታሰረ ስልቻ አገኘ። ስልቻው ይንቀሳቀሳል። ቢፈታው ውስጡ ቡችላ አለ። ለካ ጨካኝ ሰው ሊያሰምጠው ጥሎት ኖሯል። አንዳርጌ አማተበና በጋቢው ጠቅልሎ ቤቱ አስገባው። ስሙንም አይደፈር አለው።

አይደፈር ግን ሁሉን ይፈራል። ዘንግ ሲያይ ይንቀጠቀጣል። ስልቻ ሲያይ ያለቅሳል። የሰው እጅ ሲዘረጋለት ሽንቱ ያመልጠዋል። በዚያ ላይ ያገኘውን ያኝካል፤ የአንዳርጌን መኝታ ቁርበት እንኳ ግማሹን ጨርሶታል። ጎረቤቱ እትዬ ጥሩዬ ታሾፍበት ነበር።

«አንተ አንዳርጌ፣ አይደፈር አልከው? ትናንት የኔ ጫጩት አባረረችው እኮ።»

አንዳርጌ ሐይቁ ዳር ወርዶ ጸለየ። ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ኤሊ ከውኃው ብቅ አለች።

«ሦስት ሱባዔ ታገሥ» አለችው። «በየሰባት ቀኑ አንድ ፍርሃት ይለቀዋል። ሦስቱ ሱባዔ ሳይሞላ ግን አንገቱ ላይ ገመድ እንዳታደርግ። ካደረግህ የገባሁልህ ቃል ይፈርሳል።»

እሺ አለ። በመጀመሪያው ሱባዔ ዘንጉን መሬት ላይ አጋድሞ ቂጣ አኖረበት። ራቅ ብሎም ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። አይደፈር በሆዱ እየተሳበ መጥቶ በላ። በሰባተኛው ቀን ዘንጉን ተራምዶት አለፈ። በሁለተኛው ሱባዔ ስልቻ አነጠፈለት። በሰባተኛው ቀን ተኛበት። በሦስተኛው ሱባዔ እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። በስድስተኛው ቀን ቡችላው መጥቶ ጣቱን ላሰው። አንድ ቀን ብቻ ቀርቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የቤት እንስሳ እየለቀመ የሚበላ ጭራቅ እየመጣ ነው ተባለ። እትዬ ጥሩዬም ቤት የማይጠብቅ ውሻ ምን ይረባሃል አለችው። አንዳርጌ አባቱ ትዝ አሉት። ለአንድ ቀን ምን ይሆናል ብሎ አይደፈርን ደጁ ካለው ግንድ ጋር አሰረውና ወደ ታንኳው ወረደ። ቡችላው በዓይኑ ተከተለው።

ጭራቁ ሲደርስ የመንደሩ ውሾች ሁሉ ሮጠው አመለጡ። የታሰረው ወዴት ይሽሽ? ጭራቁ ገመዱን በጠሰና ከያዘው ስልቻ ከተተው። ወደ ሐይቁም ወርዶ አንዳርጌን አሻግረኝ አለው።

አንዳርጌ ከስልቻው ውስጥ የቡችላውን ልቅሶ ሰማ። ብልሃት አላጣም። ውኃ ዳር ከሚበቅል ደንገል የተሠራ ታንኳ ከየጉዞው በኋላ ቆሞ ፀሐይ ካልመታው ውኃ ይጠግብና ይሰምጣል። አንዳርጌ የደረቀውን ትቶ ያልደረቀውን አሮጌውን ታንኳ አቀረበ።

መሀል ሲደርሱ ጭራቁ «ውኃው ለምን ተረከዜን ነካኝ?» አለ።

«ጌታዬ፣ ሐይቁ እግርዎን ሊስም ነው።»

ትንሽ ቆየና «ጉልበቴ ደረሰ» አለ።

«ጌታዬ፣ ጉልበትዎን ሊስም ነው።»

«ሆዴ ደረሰ» አለ።

«እንግዲህማ ጢምዎን ሊስም ነው» አለና ስልቻውን ነጥቆ ዘለለ። ጭራቁ ዋና አያውቅም። ቡልቅ ቡልቅ አለና ጠፋ።

አንዳርጌ እየዋኘ ስልቻውን ፈታ። አይደፈር ብቅ አለ። አንዳርጌ እጁን ዘረጋለት። ቡችላው እጁን ሲያይ ዞረና ወደ ማዶ ዋኘ። ሦስት ጊዜ ጠራው። አንድ ጊዜም ዞሮ አላየውም።

ከዚያ ወዲያ አንዳርጌ በጸለየ ቁጥር «ጌታዬ፣ አንዲት ቀን መታገሥ አቃተኝ» እያለ ያለቅስ ነበር። ኤሊዋንም ጠራት፤ አልወጣችም። በዓመቱ አይደፈር ማዶ፣ ሽንኩርት የምትተክል ሴት ቤት እንዳለ ሰማና ተሻገረ። አይደፈር አድጓል። ከሴትዮዋ ልጆች ጋር ይሯሯጣል። አንዳርጌን ሲያይ ግን ጎተራ ሥር ገብቶ ተንቀጠቀጠ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የፈራ ፍጥረት ስታገኙ አትቸኩሉበት። አንዳርጌ ጭራቁን አሸነፈ፣ የቡችላውን ልብ ግን አጣ። እኔ ተረቴን ወደ እናንተ አሻገርኩ፤ እናንተም ለታናናሾቻችሁ አሻግሩ። ያቺ ሽንኩርት የምትተክለው ሴት ያን ቀን ለአንዳርጌ ያለችው ይኸው ነው፦

«አባቴ፣ ዛሬ ይዘውት አይሄዱም። እሑድ እሑድ ግን ይምጡና እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ። ደስ ካለው ይመጣል፤ ደስ ካላለውም እኔ ምሳ አቀርብልዎታለሁ።»