በጃርት ደጅ የሚያልፈው መንገድ

«ተረት ተረት» ስል «የጃርት ቤት» በሉኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን የዝንጀሮዎች ምክር ቤት የእመት ጃርትን ደጅ አቋርጦ ወደ ወንዝ የሚወርድ መንገድ እንዲወጣ ወሰነ። ደንባቸው «ጉዳዩ የሚነካው ሳይጠራ አይወሰን» ይላል። ሊቀ መንበሩ አያ ዝንጀሮ ግን ችኩል ነበርና ጃርትን ሳያስጠራ እጅ አስወጥቶ አጸደቀው።

ጃርት እሾኋን አቁማ ዳኛ ዔሊ ፊት ከሰሰችው። ዔሊ እንኳን ሲፈርድ ቅጠል ሲበላም አይቸኩልም። ቀስ ብሎ አንገቱን አወጣና «ጠርታችኋታል?» አለ።

«ጌታዬ፣ ብትጠራስ እምቢ ከማለት በቀር ምን ታመጣለች?» አለ ዝንጀሮ።

«እሱን ስትጠሯት ትሰማላችሁ። ውሳኔው ተሽሯል፤ እሷን ጠርታችሁ እንደገና ተሰብሰቡ።»

ዝንጀሮ እያጉረመረመ አስጠራት። ጃርትም መጥታ «መንገዱስ ለእኔም ይጠቅመኛል» አለች። «ግን ከደጄ እስከ ዋርካው ድረስ ውስጥ ለውስጥ ቆፍሬዋለሁ። ከላይ ሣር ነው፣ ከሥር ባዶ። በዋርካው ማዶ ካልዞራችሁ ከነልጆቻችሁ ጉድጓድ ትገባላችሁ።»

ዝንጀሮ ደነገጠ። «ታዲያ እመት ጃርት፣ ይህን የመሰለ ነገር አስቀድመሽ አትነግሪንም ነበር?»

«መቼ ጠራችሁኝ?»

ተረቴን መልሱ፤ ስትመለሱ ግን በዋርካው ማዶ ዙሩ።