በንጉሡ ካባ ላይ ያለው ጭቃ

የአንድ ንጉሥ አባት ዕድሜውን ሙሉ ከጎረቤቱ ንጉሥ ጋር ሲዋጋ ኖሮ ሞተ። የጎረቤቱም ንጉሥ ሞተ። የሁለቱ ልጆች ሲነግሡ «የአባቶቻችን ጠብ ይበቃናል» ብለው ተማማሉና አንድ ልማድ አወጡ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ሁለቱ ነገሥታት በአንድ ሰፊ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አውራ ጣት በሚያህሉ የእንጨት ወታደሮችም ጦርነት ይጫወታሉ። ጠጠር እየጣሉ ሰልፉን ወደፊት ይገፋሉ፣ ወደኋላ ይመልሳሉ። የተሸነፈው ግብር ያበላል። ከጠጅ በቀር የሚፈስ ነገር የለም።

ወታደሮቹ ግን እንዲያው እንጨት አልነበሩም። በዚያ አገር ደንብ ለዘመተ ሰው ሁሉ የራሱ ምስል ይቀረጽለታል። ቀለም የምትቀባቸው ውዳላት የምትባል ሴት ነበረች። ከወይራ የተቀረጸውን ሰውዬ መጀመሪያ ደማቅ ቀለም ትቀባዋለች። ቀጥላ ከሰል ፈጭታ በብዙ ውሃ ታቀጥንና ታፈስበታለች፤ ጥቁሩ ውሃ በልብሱ እጥፋትና በዓይኑ ጉድጓድ ገብቶ ይተኛል። «ትልቅ ሰው ጥላውን ከፀሐይ ያገኛል፤ ለትንሽ ሰው ግን ሠዓሊው ካልሰጠው ፊት አይኖረውም» ትል ነበር። ከዚያ ብሩሿን በጨርቅ ጠርጋ፣ ሊደርቅ ምንም ባልቀረው ቀለም የእጥፋቱን ጫፍ ዳበስ ዳበስ ስታደርገው እንጨቱ ነፍስ ይዘራል። ኩራቷ ለጉድ ነው! ሥራዋን ለማንም «እንዴት ነው?» ብላ አሳይታ አታውቅም። ጥሩ መሆኑን ታውቀዋለቻ።

አንድ ክረምት ሽፍቶች የቆላውን ሕዝብ ከብት ነድተው ሄዱ። ንጉሡ በዚያ ዝናብ ጦሩን ይዞ ዘመተ፤ የሞላውን ወንዝ ተሻግሮ ከብቱን አስመልሶ ገባ። ውዳላትም ስንቅ ተሸክማ አብራ ዘምታ ነበርና ሁሉንም በዓይኗ አይታለች።

የገበታው ጨዋታ ሲቃረብ አዲሶቹን ምስሎች በእልፍኙ ደረደረች። ንጉሡ ሊያይ ገባ፤ አየ፤ ፊቱ ጠቆረ። ወታደሮቹ እስከ ጉልበታቸው ቀይ ጭቃ ነበሩ። ጭቃውም ቀለም አልነበረም፤ ከወንዙ መሻገሪያ ያመጣችውን አፈር ነፍታ በሙጫ ለውሳ የለጠፈችው ነው። የዛገ ብረት በሎሚ ውሃ ዘፍዝፋ ጦሮቹን ዝገት አልብሳቸዋለች። ጋሻው ተሰንጥቋል፣ ካባው ጠውልጓል።

«ይህ ጦር ነው ወይስ የለማኝ ሰልፍ?» አለ ንጉሡ።

አጋፋሪው ከኋላ ፈጠን ብሎ «እንግዳው ንጉሥ በወርቅ የተንቆጠቆጠ ሠራዊት ይዘው ሲመጡ እኛ ጭቃ ልናቀርብላቸው ነው፣ ጃንሆይ?» አለ።

«ይታጠብ!» አለ ንጉሡ።

ውዳላት እጅ ነሳች፤ ግን ከሚገባው በላይ ዝቅ አላለችም። «ጃንሆይ፣ ጭቃውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ወንዝ ገብቶ ያመጣው ግን ባለቤቱ ነው። ካልቀረም እያንዳንዱ መጥቶ የራሱን ይጠበው።»

«ይሁን። በእንግዳው ፊት አንዲት ጭቃ ባይ ግን ብሩሽሽን እሰብራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቀለም በእጅሽ አይገባም።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ያውም የንጉሥ ቃል። ብሩሽ የሌላት ውዳላት ደግሞ ውዳላት አይደለችም፤ ይህንን ሁሉም ያውቅ ነበር። እሷ ግን ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ሞልታ፣ ጨርቅ አስቀምጣ፣ እጇን አጣምራ ቆመች።

መጀመሪያ የደረሰው አጋፋሪው ነው። የራሱን ምስል አንስቶ እንደ ሰሃን ፈተገው፤ በላዩም ወርቅ ቀባበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ጭቃው ሲለቅ ከዓይኑ ጉድጓድ ያለው ጥላም አብሮ ለቀቀ። በእጁ የቀረው የሚያብረቀርቅ ፊት አልባ ጉቶ ነው። እሱ ግን ብልጭታውን ብቻ አይቶ ደስ አለው።

ቀጥሎ ይግለጡ የሚባል ጦረኛ መጣ። ጨርቁን አነሳና ምስሉን ሲያይ ቀረ።

«እንዴ! ይሄማ የመሻገሪያው ጭቃ ነው። ሚስቴ በእንዶድ አሽታ አሽታ ያላስለቀቀችውን እኔ በዚች ጨርቅ ላስለቅቀው? አላደርገውም፣ እትዬ ውዳላት!»

ሌላው ጋሻው ላይ ያለውን ስንጥቅ በጣቱ እየዳሰሰ «ጦሩን በዚህ በኩል ነው የመለስኩት፤ ይህ ባይሰነጠቅ ኖሮ የሚሰነጠቀው ደረቴ ነበር» አለ። አንዱ ደግሞ የካባው ጀርባ ተቃጥሎ አገኘው። እሳት ሲሞቅ እንቅልፍ ጥሎት የተቃጠለ ነው፤ ጓደኞቹ ሳቁበት። «ሳቁ! የእኔ ነው፤ አላጥበውም» አለ፣ እሱም እየሳቀ። ሁሉም የየራሱን ምልክት ለጎረቤቱ ሲያሳይ ግቢው ሠርግ ቤት መሰለ።

በመጨረሻ ስንዱ መጣች፤ ከዘመቻው ቆስሎ ተመልሶ ቤቱ የሞተው የጣሰው ሚስት ናት። የባሏ ምስል እስከ ደረቱ ጭቃ ነው፤ እጁ ባዶ፣ ጋሻው የለም። ምስሉን ሳመችና እንደነበረ መልሳ አስቀመጠችው።

ንጉሡ በሰገነት ሆኖ ያይ ነበር። ወረደ። በገበቴው ያለው ውሃ ከአጋፋሪው ጭቃና ቀለም በቀር ምንም የለበትም። «ሁላችሁም አመፃችሁ ማለት ነው!» አለና ጨርቁንና የራሱን ምስል አነሳ። ካባው ወርቀ ዘቦ ነው፤ በቀኝ ትከሻው ላይ ግን ጭቃ አለ፤ የእጅ መዳፍ ቅርጽ ያለው።

«የእኔንም?» አለ። «እኔ በፈረስ ነው የተሻገርኩት!»

«አዝማሪዎቹ እንደዚያ ነው የሚዘፍኑት» አለች ውዳላት። «ጃንሆይ ግን ከፈረስ ወርደው ነበር። ጣሰውን ውሃው ሲወስደው ገብተው በትከሻዎ ተሸክመው አወጡት። ይህ ጭቃ የእሱ እጅ ነው፤ አጥብቆ ይዞዎት ነበር።»

ስንዱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደፊት ወጣች። «እውነቷን ነው፣ ጃንሆይ። ባሌ ሊሞት ሲል ሕመሙን አላወራኝም። ‹ስንዱ፣ በንጉሥ ትከሻ ወንዝ ተሻገርኩ› እያለ ነው የሞተው።»

ንጉሡ አሁን ትዝ አለው። ወንዙን የተሻገረ ዕለት ማታውኑ አሽከሮቹ ካባውን አጥበውለት ነበር። ከዚያ አዝማሪዎቹ «በነጭ ፈረስ» እያሉ ዘፈኑ፤ ከዘፈኑ ብዛት እሱም በፈረስ የተሻገረ መሰለው። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የሚያኮራውን ነገር ከጭቃው ጋር አሳጥቦት ኖሯል። ጨርቁን ውሃው ውስጥ ጣለና አለቀሰ፤ ማልቀሱንም አልደበቀም።

«ውዳላት፣ ብሩሽሽን አንሺ» አለ። «ሠራዊቴ እንዳለ ይሰለፍ።»

እንግዳው ንጉሥ መጣ። የእሱ ምስሎች እንደ አዲስ ብርሌ ያበራሉ። በገበታው ማዶ ያለውን ጭቃ ሲያይ አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ተመለከተ። «ይህ ምን ሆኖ ነው?» ሲል ባለቤቱ ከኋላ ወጥቶ ይናገራል። «ይህስ?» ሲል ሌላው ይናገራል። ሲናገሩ ደረታቸውን ነፍተው ነው። ከወርቁ ጉቶ ሲደርስ «ይህስ ማነው?» አለ። አጋፋሪው ጣሪያውን ያይ ነበር።

በዚያ ቀን ጠጠር የተጣለው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አይወራም። እንግዳው ሲሰናበት «ይህችን ሠዓሊ አውሱኝ፤ የእኔንም ሠራዊት እንዲህ ታድርግልኝ» ብሎ ለመነ።

ውዳላት ራሷ መለሰች፤ «እመጣለሁ፣ ጃንሆይ። ቀለሙን እኔ እይዛለሁ፤ ጭቃውን ግን ከራስዎ መሻገሪያ ያምጡ።»

አጋፋሪውም በኋላ ብቻውን መጣ። «ፊቴን መልሺልኝ» አላት፣ ዓይኑን እየሰበረ። በዘመቻው የስንቅ አህያ ሲጎትት ነበር የቆሸሸው፤ ሰው ይህንን እንዳያይበት ነው የፈተገው። «አህያዋን ባትጎትት ይህ ሁሉ ጀግና ምን ይበላ ነበር?» አለችውና ጥላውን፣ ጭቃውን፣ የአህያዋንም ጠጉር ሳይቀር መለሰችለት።

ወዳጄ፣ የክፋትን እድፍ እጠበው፤ እሱ አይጠቅምህም። የድካምህን ጭቃ ግን አትጠበው። ለሰው ዓይን ብሎ ራሱን የሚፈትግ ሰው የሚያበራ ጉቶ ሆኖ ይቀራል። በአንተ ትከሻ ላይ የማን እጅ ነበር? አሁንስ አለ ወይስ አሳጥበኸዋል?