የተኩላው ሁለተኛ ዓይን

አንድ ሠዓሊ ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁትም፤ «ብስክሌቴን ወስዶ የካደኝ ልጅ ቤት በር ላይ በከሰል ‹ሌባ› ብዬ ብጽፍበት ውሸት አይደል፣ ምን አጠፋሁ?» ነው ያልከኝ። ቆይ፣ መጀመሪያ ይህን ስማ።

ሰውየው የሚሥለው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። ማንበብ ያልጀመሩ ሕፃናት ቅዱሳንን የሚያውቁት በእሱ ሥዕል ነበር። የሥዕሉን ሕግ ደግሞ ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል፤ ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉ ወደ ጎን ይዞራል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

ይህ ሠዓሊ አንድ ገበሬ ጎረቤት ነበረው። ገበሬው ድንበር ገፋበት። ሽማግሌ ቢላክበት «የአባቴ ነው» ብሎ ማለ። ሠዓሊው ዝም አለ፤ ማለቴ፣ በአፉ ዝም አለ።

በዚያው ሰሞን ካህኑ ቅዱስ ፍራንቸስኮስን ከተኩላው ጋር ለልጆቹ እንዲሥል አዘዙት። ታሪኩን ታውቀዋለህ፤ ከተማውን ሙሉ ሲያስጨንቅ የኖረውን ተኩላ ቅዱሱ «ወንድሜ» ብሎ ጠራው፤ ከሰዎቹም ጋር አስታረቀው። ሠዓሊው ቅዱሱን አሳምሮ ሣለ። ተኩላውን ግን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ሣለውና የጆሮውን ጫፍ ቆረጠው። የገበሬው ጆሮ ልክ እንደዚያ ቆራጣ ነው።

ልጅ አይሸወድም። እሑድ ዕለት ሥዕሉን ገና ሲያዩት ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ የገበሬው ትንሽ ልጅ ለትምህርተ ክርስቶስ በመጣች ቁጥር «የተኩላው ልጅ መጣች፣ በጎቻችሁን ደብቁ!» ይሏት ጀመር። የመጀመሪያ ቁርባኗን ልትቀበል ትንሽ ነበር የቀራት። መምጣቷን ተወች።

አንድ ቀን ሠዓሊውን ደጁ ላይ ቀለም ሲበጠብጥ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ተኩላው ከሰዎቹ ጋር ታርቋል አይደል?»

«ታርቋል።»

«ታዲያ ለምን በአንድ ዓይኑ ቀረ?»

ሰውየው ቀለሙን አነሣ። መሰላሉን ተሸክሞ ሄደና የተኩላውን ፊት ደምስሶ፣ ፊት ለፊት አዙሮ፣ በሁለት ዓይን ሣለው። ጆሮውን እንደተቆረጠ ተወው። ካህኑ ቆመው ሲያዩት ቆዩና «ጆሮውንስ አትቀጥልለትም?» አሉት።

«ጆሮው እውነት ነው አባ። የዋሸሁት ዓይኑን ነው።»

በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹ ሥዕሉ ፊት ተሰበሰቡ። ከዚያ አንዱ «ያየኛል እኮ!» አለ። ሌላው «እኔን ነው የሚያየው!» ብሎ ገፋው። ልጅቷም ያን ቀን ተመልሳ መጥታ ነበር፤ መሃላቸው ገብታ ቆመች። «ዞር በሉ፣ የኔ ነው» አለች።

ገበሬው ድንበሩን መለሰ ወይ ትለኝ ይሆናል። አልመለሰም።

የአንተም ነገር እንደዚያው ነው። ልጁ ብስክሌትህን ወስዷል፤ ያ የተቆረጠው ጆሮ ነው፣ እውነት ነው። ሂድና ፊት ለፊት ንገረው፣ ለአባቱም ንገር። በሩ ላይ ስትጽፈው ግን አንዱን ዓይኑን ወሰድክበት፤ ከሌብነቱ በቀር ምንም አልተውክለትም። በዚያ በር ደግሞ ታናሽ እህቱ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ትወጣለች። እሷ መጥታ ብትጠይቅህ የምትመልስላት ካለህ፣ ከሰሉ ያውልህ፣ ምድጃው ሥር ነው።