የሠሪውን ቤት የሚፈልግ ፕሮግራም

ስታጨበጭቡ፣ ለምን እንደምታጨበጭቡ ታውቃላችሁ?

አትቸኩሉ። አንገታችሁንም አትነቅንቁልኝ። መጀመሪያ አንድ ሰው ላሳያችሁ።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። እንዳሻው ይባላል። ጎበዝ ነው፤ ጎበዝ መሆኑንም ያውቃል። ይህ ሰው ለገጠር አዋላጆች የሚሆን ፕሮግራም ጻፈ። አዋላጇ የሕመሙን ስም ስትነካ፣ የመድኃኒቱ መጠን፣ አሰጣጡና ጥንቃቄው በአንድ ገጽ ተዘርዝሮ ይወጣል። መቶ አርባ ገጽ፣ መቶ አርባ ሕመም። ሁለት ዓመት ለፍቶበታል።

ፕሮግራሙን የጻፈው ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ የሚሠራ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ሁሉንም ነገር በአንድ ጥቅል ያሽገዋል። ትእዛዙ፣ ጽሑፉ፣ ሥዕሉ፣ ሁሉም እዚያው ጥቅል ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ጥቅሉን በፍላሽ ይዛችሁ ወደ ፈለጋችሁበት ብትሄዱ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ አብሮት ነው። መሆን የነበረበት እንዲህ ነው።

እንዳሻው ግን ትእዛዙንና የሕመሞቹን ስም ዝርዝር ብቻ ጠቀለለ። መቶ አርባው ገጽ በገዛ ላፕቶፑ ላይ፣ በስሙ በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ቀረ። ፕሮግራሙንም «ገጽ ሲያስፈልግህ እዚያ ሂድና አንብብ» ብሎ አዘዘው። ለጊዜው ነበር። ኋላ አስተካክለዋለሁ ብሎ ነበር። ስንቶቻችሁ ናችሁ «ኋላ» ያላችሁት? እሱም ብሎ ረሳው።

ቀኑ ደርሶ በከተማው አዳራሽ ለኃላፊዎች አሳየ። በምን ላይ አሳየ? በራሱ ላፕቶፕ ላይ! የሕመሙን ስም ነካ፤ ገጹ ወጣ። ሌላ ነካ፤ ሌላ ገጽ ወጣ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ያጨበጨቡት ሰዎች ምን አዩ? ፕሮግራሙ በተወለደበት ቤት፣ እቃው በተቀመጠበት ጓዳ ሲራመድ አዩ። ከዚያ ቤት ወጥቶ ሲሠራ ያየው አንድም ሰው አልነበረም። ወዲያው ደብዳቤ ወጣ። «ፕሮግራሙ በተጫነበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ግድግዳ ላይ ያለው የመድኃኒት ሠንጠረዥ ይነሳ።»

እንዳሻው ፕሮግራሙን ለመጫን ራሱ ሄደ። ጤና ጣቢያው ከወንዝ ማዶ ነው። ወንዙን የሚያሻግረው ጀልባ ነው፤ ስልክም ኢንተርኔትም ከወንዙ ወዲህ ይቀራሉ። ላፕቶፑን ውሃ እንዳይነካበት ፈርቶ መኪናው ውስጥ ቆለፈበትና ጥቅሉን በፍላሽ ኪሱ ከትቶ ተሻገረ።

የጤና ጣቢያው አዋላጅ ሲስተር ዘነቡ ትባላለች። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሲገባ እጇን በሳሙና እየታጠበች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አገኛት።

«ጸሎት አቋረጥኩብዎ መሰለኝ፣ ሲስተር።»

«የመድኃኒት መጠን ነው፣ ልጄ። እጄን በታጠብኩ ቁጥር ከሠንጠረዡ አንድ አንድ ረድፍ በቃሌ እወጣለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ጭንቅላትዎን አያድክሙ። ይኸው፣ የሚያስብልዎ አምጥቻለሁ።»

«ጭንቅላቴ ደከመኝ ብሎ ከሰሰኝ እንዴ?» አለች ሲስተር ዘነቡ፣ እጇን እያደረቀች።

በጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ ጫነው። ማውጫው ተከፈተ። የመቶ አርባው ሕመም ስም በተርታ ወጣ። ያማረ፣ የጠራ፣ የሚያበራ። እንዳሻው ወደ ግድግዳው ሄዶ ሠንጠረዡን ነቀለው። ወረቀቱ አርጅቶ ነበርና እጁ ላይ ተቀደደ። ጨብጦ፣ ከቆሸሸው ፋሻ ጋር ወደ ማቃጠያው ጉድጓድ ሊወስደው ተነሳ።

«ቆይ እንጂ! መጀመሪያ አንዱን ክፈትና አሳየኝ።»

«ሲስተር፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያየው ነገር ነው!»

ሄዶ አቃጠለው።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ! አንድ ገጽ ቢከፍት ኖሮ ያውቅ ነበር። አንድ! ስሙን አይቶ፣ ሽፋኑን አይቶ፣ ውስጡ አለ ብሎ አመነ።

ከቀትር በኋላ አራት ሰዎች አንዲት እርጉዝ ሴት በቃሬዛ ይዘው ደረሱ። አማቷ ከኋላ እየሮጠች ነው። ሴትዮዋ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ ተገልብጦ፣ ጥርሷ ገጥሟል። የእርግዝና የደም ግፊት ነው። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ አለ። ግን ይህ መድኃኒት ሲያንስ አያድናትም፤ ሲበዛ ደግሞ ትንፋሿን ይዘጋዋል። መጠኑን ማወቅ ማለት በእሷና በሞት መካከል መቆም ማለት ነው።

«ክፈተው!» አለች ሲስተር ዘነቡ።

እንዳሻው ነካው። በስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ፤ ፋይሉ አልተገኘም። ደግሞ ነካው። ፋይሉ አልተገኘም።

«ምን ይላል?»

«ፋይሉ የለም ይላል።»

«የት ፈልጎ ነው የለም የሚለው?»

ከሥር ያለውን መስመር አነበበ። ያነበበው የገዛ ስሙን ነበር። «እኔ ቤት» አለ። «የእኔን ላፕቶፕ፣ የእኔን ፎልደር እየፈለገ ነው። ገጾቹ እዚያ ናቸው፤ ላፕቶፑ ከወንዙ ማዶ፣ መኪናው ውስጥ ነው።»

«ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ነው። እሷ አንድ ሰዓት የላትም።»

«ምን ጠፋባችሁ?» ብላ ጮኸች አማቷ። «ንገሩኝ እንጂ! ልጄ እየሄደችብኝ ነው! ጤና ጣቢያ ናችሁ ወይስ ምን ናችሁ?»

እንዳሻው ወደ ግድግዳው ዞረ። ሠንጠረዡ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያቃጠለው በገዛ እጁ ነው።

ሲስተር ዘነቡ ወደ ውሃው ሄደች። ሳሙናውን አነሳች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ቀጥሎ እንዳሻው ይሰማ ጀመር። የመድኃኒቱ ስም፤ መጠኑ፤ በስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው። አንድ ጊዜ አልደነቃቀፈችም። ወደ ግድግዳው አላየችም፤ ወደ ስክሪኑም አላየችም። ጠርሙሱን አንስታ በሲሪንጁ ልኩን ቀዳች። «አንተ፣ ሰዓት አስረሃል? ና፣ ትንፋሿን ቁጠር። ጮክ ብለህ ቁጠር! እማማ፣ እርስዎ ራሷን ወደ ጎን ይያዙልኝ።» እየተናገረች፣ ቀስ እያለች ወጋቻት። ትንፋሽ። ጉልበቷን መታ አድርጎ እግሯ መወርወሩን ማየት። ሽንቷን መለካት። ቃል በቃል፣ ተራ በተራ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሳሙና እያሸች ያለችው ሁሉ መጣ።

እንዳሻው እየቆጠረ ያያታል። ግድግዳው ባዶ ነው። ኮምፒውተሩ ባዶ ነው። ሲስተር ዘነቡ ግን ሙሉ ናት። ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ላይ ያፈጠጠ ሰው፣ ተገርሞ የማያውቅ ሰው፣ የቆመበት መሬት የተቀደሰ መሰለው።

መንቀጥቀጡ ቆመ። ከብዙ ጭንቅ በኋላ ሕፃን ተወለደች፤ አለቀሰች። እናትየው ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። አማቷ እልል አለች።

«ሲስተር» አለ እንዳሻው። «የት አነበቡት?»

«የት ላንብበው? አንተ አቃጥለኸው!»

በማግስቱ ጠዋት ላፕቶፑን በላስቲክ ጠቅልሎ ተሻገረ። አጠገቧ ቁጭ ብሎ መቶ አርባውን ገጽ ወደ ጥቅሉ ውስጥ አስገባ። በፍላሽ ወደ ጤና ጣቢያው ኮምፒውተር አሻግሮ ነካው። ምን የወጣ ይመስላችኋል? ፋይሉ አልተገኘም!

«አሁንስ ምን ሆነ?»

«ገጹ ውስጡ አለ፣ ሲስተር። ፕሮግራሙ ግን አሁንም ውጭ ይፈልጋል።»

«ይህንንማ ሰው ሲያደርገው ነው የማውቀው» አለች፤ ሳቋን አፍና።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስሙኝ። ጥቅል ውስጥ የገባ ገጽ እንደ ሌላ ፋይል አድራሻ የለውም። በዚህ ፎልደር ግባ፣ በዚያ ታጠፍ ተብሎ አይደረስበትም። ፕሮግራሙ ራሱን መጠየቅ አለበት። «በእኔ ውስጥ ይህ ገጽ አለ ወይ?» ማለት አለበት። ያን ጊዜ ጥቅሉ ገጹን ከገዛ ሆዱ፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ ምንጭ ውሃ እያፈሰሰ ይሰጠዋል። እንዳሻው የጥያቄውን አቅጣጫ አዞረው። ውጭ ፈልግ የሚለውን አውጥቶ፣ ራስህን ጠይቅ የሚለውን ጻፈበት። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ፎልደር አጠፋው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቤቴን እያፈረስኩ ነው። እሱ እያለ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያታልለኛል።»

አዲሱን ጥቅል ጫነ። ፍላሹን ነቀለ። ፎልደር የለም፤ ኢንተርኔት የለም፤ ከወንዙ ማዶ የቀረ ነገር የለም። ጣቱን አሳረፈ።

ገጹ ወጣ።

አንድ ቃል አልጎደለውም። እንዳሻው እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፤ ራሱ ነው የሠራው። ሆኖም አፉን ከፍቶ ቀረ። ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም፤ እዚያው ነበር። ሁለተኛውን ነካ፤ መጣ። ሦስተኛውን ነካ፤ መጣ። ሲስተር ዘነቡ እያንዳንዱን ከቃሏ ጋር እያስተያየች፣ እሱ እየነካ፣ መቶ አርባውም መጣ። አንዱንም «ሰው አይቶታል» ብሎ አላለፈም።

ወገኖቼ፣ ይህ አያስፈራችሁም? አንድን ነገር የትም ብትወስዱት፣ ማንም ባይኖርበት፣ ምንም ባይቀርለት፣ የሚያስፈልገው ከውስጡ ሲወጣ ማየት አያስደነግጣችሁም? በእጅ የተሠራ ፕሮግራም እንዲህ ከሆነ፣ እግዚአብሔር እስትንፋሱን ያኖረበት ሰውማ እንዴት ያለ ጥቅል ነው! በአንዲት አዋላጅ ደረት ውስጥ የሰው ነፍስ የሚያድን ቃል ሃያ ሁለት ዓመት በጸጥታ ተቀምጦ ነበር። ማንም አላየውም። ማንም አላጨበጨበለትም።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር። እምነታችሁን ስትጠየቁ ምን ትላላችሁ? «አባቴ የዚህን ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመዋል» ትሉኛላችሁ። «እናቴ ጸሎተኛ ነበረች» ትሉኛላችሁ። እኔ ስለ አባታችሁ ጠየቅኋችሁ? ስለ እናታችሁ ጠየቅኋችሁ? ቤታችሁን እየፈለጋችሁ ነው! ቤታችሁ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ቀርቷል!

ሌሎቻችሁ ደግሞ ቃሉ በውስጣችሁ አለ። በልጅነታችሁ ተዘርቷል፤ ዛሬም አለ። ግን ሐዘን ሲመጣባችሁ ነቢይ ፍለጋ ከአዳራሽ አዳራሽ ትሮጣላችሁ፤ ቅባት ትገዛላችሁ። አንድ ጊዜ እንኳ «በእኔ ውስጥ ምን አለ?» ብላችሁ አትጠይቁም። በውስጣችሁ ያለውን በሰው በር ታንኳኳላችሁ። ታሳዝኑኛላችሁ፤ ታናድዱኛላችሁም።

ይህን ሁሉ ለምን እንደተናገርኩ ሳትጠረጥሩ አልቀራችሁም። ሐሙስ ዕለት የዚህች ቤተ ክርስቲያን የሽማግሌዎች ጉባኤ አንድ ውሳኔ አሳልፏል። ከእንግዲህ ለጥምቀት የሚዘጋጁ ወጣቶች የእምነቱን ትምህርት በቃላቸው ማጥናት አያስፈልጋቸውም ተብሏል። ምክንያቱስ? «ስልካቸው ላይ አለ።» እኔ ተቃወምኩ። «ዘመኑን ያልተረዳ ሰው» ተባልኩ። ይሁን። እንዳሻውም ዘመኑን የተረዳ ሰው ነበር!

የጉባኤው ሰብሳቢ አቶ ጉልላት ከፊቴ ተቀምጠዋል። አቶ ጉልላት፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን አልፈራዎትም። የዘንድሮዎቹ አርባ አንድ ወጣቶች እነዚህ በስተቀኝዎ ያሉት ናቸው። ከነሱ መካከል በበረሃ መንገድ የሚሰደድ አለ፤ እስር ቤት የሚገባ አለ፤ በሚሞት ሰው ራስጌ ብቻዋን የምትቆም አለች። በዚያች ሰዓት ስልክ አይኖራቸውም። እኔ አልኖርም። እርስዎም አይኖሩም። በውስጣቸው ያኖርነው ብቻ ይኖራል፤ እርስዎ ደግሞ ምንም አታኑሩ ብለው ፈርመዋል።

እንግዲህ ይነሱ። ማይክሮፎኑን አቀብሏቸው። ከነዚህ አርባ አንድ ልጆች መካከል ባዶውን ቢሄድ ግድ የማይሰጥዎ ማንኛው ነው? በጽሑፍ አልቀበልም፤ በስብሰባ አልቀበልም። እዚህ፣ ወላጆቹ እየሰሙ፣ ስሙን ይጥሩልኝ።