ለራሱ ያስቀመጠው ሞተር

አንድ ባለመኪና ነበረ። ሚስቱ የኩላሊት ሕመምተኛ ስለነበረች በሳምንት ሦስቴ ለእጥበት ሆስፒታል ያመላልሳታል። ከእጥበቱ ስትወጣ ጉልበቷ ስለሚከዳት ቆማ ታክሲ መጠበቅ አትችልም። ያቺ አሮጌ መኪና ከቆመች የሚስቱ ሕይወት አደጋ ላይ ነው።

አንቺ ደግሞ ገና ከመጀመሬ ፊትሽን አታጥቁሪብኝ፣ ፈትለወርቅ። ስለ ጎረቤትሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። «ራሷ ያጠፋችውን ራሷ ብታስተካክል ምን ብዬ ላመስግናት?» አይደል ያልሽኝ? እሱን ልመልስልሽ ነው።

ሰውየው መኪናዋ ዘይት ስታንጠባጥብበት ወደ ሰፈሩ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ሞተሩን ከፍቶ እየሠራ ሳለ ግን የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጎረቤት ሞቷል፤ መቅረት የለም። አቧራ እንዳይገባበት ብሎ ክፍቱን ቦታ በጨርቅ ወትፎ ሄደ። ድንኳን ተክሎ፣ ሬሳ ሸኝቶ ተመለሰና፣ ልቡ ለቅሶ ቤት እንደቀረ ሞተሩን ገጠመው። ጨርቁን ሳያወጣ።

በአራተኛው ቀን መኪናዋ መንገድ ላይ ጮኻ ቀጥ አለች። ሚስትየው ከኋላ ተጋድማለች። አንድ መንገደኛ በራሱ መኪና ሆስፒታል ባያደርስለት ኖሮ ያን ቀን ያጣት ነበር። መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ስትገባ ባለመኪናው ማንንም አልወቀሰም። «አርጅታለች፣ ምን ታድርግ» ብሎ አዝኖ ወደ ቤቱ ሄደ።

መካኒኩ ብቻውን ሞተሩን ከታች ፈታው። ጨርቁ የዘይቱን መንገድ ዘግቶ አገኘው። ሞተሩ ያለ ዘይት ሲዞር ነድዶ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ይህን ያየ ሰው የለም። አጠገቡ ቆሻሻ የሚቃጠልበት በርሜል ነበረ፤ ጨርቁን እዚያ ቢጥለው ነገሩ ያኔውኑ ባለቀ።

አልጣለውም። ለሰውየው ደውሎ ጠራውና ጨርቁን በእጁ እንደያዘ፣ «ይኼ ጨርቅ የኔ ነው። መኪናህን የገደልኳት እኔ ነኝ» አለው።

ባለመኪናው ጮኸ፣ ተሳደበ፤ ሰው አይደለ? መካኒኩ ሁሉንም ቆሞ ሰማ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረ። የራሱ መኪና፣ ከሰውየው መኪና ጋር አንድ ዓይነት የሆነች፣ ሞተር አጥታ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። በስንት መከራ ያገኘላት ሞተር አጠገቧ በሸራ ተጠቅልሎ ነበር። ሸራውን ገለጠና ያንን ሞተር አምጥቶ ለሰውየው መኪና ገጠመለት።

መኪናዋ ስትነሣ ባለመኪናው ግሪስ የነካውን የመካኒኩን ትከሻ አቅፎ ሳመው። «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፤ ሚስቴን መለስክልኝ» ብሎ አለቀሰ።

አብሮት የመጣው የሚስቱ ወንድም ይህን አይቶ ተናደደ። «ምኑ ነው የሚመሰገነው? ያበላሸው ራሱ አይደል?» አለ።

ሰውየውም፣ «ሞተሩስ ግዴታው ነው እንበል። እውነቱን እንዲነግረኝ ግን ማን አስገደደው? ዝም ቢል ኖሮ እኔ መኪናዬን እየረገምኩ እሱን እየመረቅሁ እኖር ነበር» አለው።

እንግዲህ ልጄ፣ ጎረቤትሽ ስምሽን ማጥፋቷ ክፉ ሥራ ነው፤ ክፉ አይደለም ብዬ አላባብልሽም። ነገር ግን ወሬው ከማን እንደወጣ አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም ነበር። ማኅበርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሥታ «ዋሽቼባታለሁ» ባትል እስከ ዛሬም ባላወቅን። ያጠፋችብሽን ስም ከየት አምጥታ የተካችልሽ ይመስልሻል? የራሷን አውጥታ ነው የሰጠችሽ። አንቺ ዛሬ በደህና ስምሽ ቀና ብለሽ ትሄጃለሽ፤ እሷን መንደሩ ውሸታም ይላታል። መካኒኩ ሞተሩን ሰጥቶ በእግሩ እንደቀረ፣ እሷም ስሟን ሰጥታ ቀርታለች።

ሂጂና በሯን አንኳኪ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አላንኳኳላትም።