አርማውን የላጠው እጅ

አንድ መርከበኛ ነበር። ሥራው ምን ነበር? የጦር መርከቧን የነሐስ አርማ መወልወል። ባንዲራ ሳይሰቀል፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ፣ በየማለዳው ይወለውላል። አሥራ አንድ ዓመት! አርማው የአሞራ ራስ ነው፤ ከውልወላው ብዛት የአሞራው ዓይን ተፍቆ ጠፍቷል። ሰውየው አላስተዋለም። እሱ የሚያየው ማብራቱን ነው።

ጦርነት መጣ። አዛዡ፣ «የሚያብረቀርቅ ሁሉ ግራጫ ይቀባ፤ አውሮፕላን ያየናል» አሉ። ሰውየው ቅር እያለው አርማውን ቀባ።

በማግሥቱ ማለዳ አርማው ያበራል። ቀለሙ የለም።

ደግሞ ቀባው። ደግሞ አበራ።

አዛዡ ጠሩት። «እዚህ ሰማንያ ነፍስ አለ። ነገም ካበራ ወደብ ላይ አስርሃለሁ፤ ወደብ ከደረስን ማለቴ ነው።»

ማን ነው የሚልጠው? ሁሉንም ጠረጠረ። እጁ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ መርከብ ላይ ማን አይሸትም ብሎ ተወው። ለሦስተኛ ጊዜ ቀባና ሌባውን ሊይዝ ሊነጋጋ ሲል አርማው ሥር ተቀመጠ።

«ኧረ በቃህ!» የሚል ድምፅ አባነነው። ጓደኛው ኢድሪስ ነው። ሰውየው ለካ ቆሟል። ናፍጣ የጠጣ ጨርቅ ይዟል፤ እጁ ይዞራል፣ ይዞራል። ግማሹ አርማ ያበራል።

«አንተ ነህ የላጥከው?» አለ ሰውየው።

«እኔ? አንተን ሳይ ይኸው ሦስተኛ ቀኔ!»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ዓይንህ ክፍት ነበር። ስጠራህ ዞረህ አየኸኝ፤ ውስጡ ግን ሰው የለም። ፈራሁ።»

ከሩቅ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ።

«ቀለሙን አንተ ቀባ! መጀመሪያ እጄን እሰር!»

«በምን?»

«በቀበቶህ!»

«ሱሪዬስ?»

«ይውደቅ!»

ኢድሪስ አሰረው። በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ በሌላው ቀባ። አውሮፕላኑ መጣ፤ በላያቸው ዞረ፤ ሄደ። ሰማንያ ሰው ተነፈሰ። ኢድሪስ «ተረፍን!» ሊል ዘወር ሲል፣ ከጓደኛው ጀርባ የታሰረው እጅ አሁንም ይዞራል፣ ይዞራል።

ወገኖቼ፣ ያ ሰው ዋሽቷል? አልዋሸም። ከልቡ ቀብቷል። እናንተስ ባለፈው እሑድ እዚሁ ቆማችሁ «ተውኩት» ያላችሁት ነገር፣ ሰኞ ማለዳ ማን ላጠው? ሚስት ናት? ጎረቤት ነው? ሰይጣንን ደግሞ ለሁሉም ነገር አትጥሩት፤ እሱም ሥራ አለበት።

አንተስ፣ ወንድምህን ሦስት ቀን አይተህ ዝም ያልከው? ቀበቶህን ለመፍታት ነው የሳሳኸው?

አሁን እንጸልያለን። እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ግን፣ እስቲ አንድ ጊዜ አሽትቱት።