በሸኽ ታጁ ልብ የወረደው

ስሟን ዛሬ የሚያስታውስ በጠፋባት አንዲት የቆላ ከተማ ሸኽ ታጁ የሚባሉ የሃይማኖት አዋቂ፣ አሊም ነበሩ። እያስተማሩም እያረሱም ያረጁ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው።

አንድ ዘመን የበልጉ ዝናብ ቀረ። ሰዉ ቅጠል እስከ መብላት ደረሰ፤ በየቤቱ የቀረችው ለዘር የተቀመጠች ማሽላ ብቻ ሆነች። በጁሙዓ ቀን ሕዝቡ ሜዳ ወጣ፤ ሸኹም ዝናብ የሚለመንበትን ሶላት አሰገዱ። እጃቸውን ለዱዓ እንደዘረጉ አንዳች ነገር ደረታቸው ውስጥ ገባ። ቀዝቃዛ፣ ጸጥ ያለ። "ሰምቼሃለሁ" የተባሉ መሰላቸው። እንባቸው ጺማቸውን አራሰው።

ሰዉ ይህን አየ። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ከተማ ገባ፦ "ለሸኽዬ ቡሽራ፣ የምሥራች ወርዶላቸዋል፤ ሊዘንብ ነው!"

ቤታቸው ሲደርሱ ግን ያ እርጋታ አብሯቸው የለም። ከጌታዬ ነው? ወይስ የተጠማ ልቤ ለራሱ የቀዳው ውሃ ነው? ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ። ቁርኣን ገልጠው አንዲት አያ ሳይጨርሱ ይዘጋሉ። ደጅ ወጥተው ሰማዩን ያያሉ፤ ዳመና የለም። ምግቡም እንቅልፉም እምቢ አላቸው።

በዚህ መሀል የከተማው ሹም ሐጂ ይማም ሰው አስከትለው መጡ።

"ሸኽዬ፣ ሰዉ ዘሩን ይዞ የእርስዎን አፍ ነው የሚጠብቀው። አንድ ቃል ይበሉትና ይዝራ።"

"የዝናቡን ነገር የሚያውቀው አላህ ነው፣ ሐጂ።"

"እሱንማ ማን አጣው! ግን ያን ቀን ፊትዎን አይተናል። ተስፋ ቢሰጡት ምን ይጎዳል?"

ለሸኹ "አዎ፣ ይዘንባል" ማለት ቀላል ነበር። "ምንም አልተሰማኝም" ብሎ መገላገልም ቀላል ነበር፤ ግን ተሰምቷቸዋል።

ባሏ የሞተባት ሩቅያ የምትባል የልጆች እናት ሰዉን ገፋ አድርጋ ወደ ፊት ወጣች።

"ሸኽዬ፣ ያለችኝ አንዲት ቁና ናት። ልዝራት ወይስ ላቆያት?"

ሸኹ ወደ እሷ ዞሩ። "ልጄ፣ የሆነ ነገር ተሰምቶኛል፤ አልክድም። ከማን እንደሆነ ግን አላውቅም። በእኔ ልብ ተማምነሽ የልጆችሽን ጉሮሮ አፈር ውስጥ አትጣይ። መሬቱ እስኪርስ ያዢያት።"

ከሰዉ መሀል ጉርምርምታ ተነሳ። ሐጂ ይማም "አሳፈሩን!" ብለው ወጡ። ሸኹ ግን በማግስቱ የገዛ ዘራቸውን አውጥተው ደረቁ መሬት ላይ በተኑ። ምነው ቢሏቸው፣ "በልቤ ተማምኜ የምዘራው የራሴን ብቻ ነው" አሉ።

ካፊያ መጣ፤ አቧራውን እንኳ በወጉ ሳያጠፋ ሄደ። የሸኹ ማሽላ ብቅ ብሎ ደረቀ። ክረምቱ ዘግይቶ ሲገባ ዘሩን ያቆየ ሁሉ ዘራ። በመኸር ሩቅያ እህል አሸክማ መጣች። ሸኹ ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል።

"እንግዲያ ያን ቀን የተሰማዎት ውሸት ነበር፣ ሸኽዬ?"

ሸኹ መለሱ፦ "ከማን እንደነበር ዛሬም አላውቅም፣ ልጄ። ከዚያ ወዲህ ግን በአላህ ስም መዋሸት አቃተኝ።"

ወገኖቼ፣ እኛ በሱጁድ ግንባራችንን መሬት አስነክተን ስናለቅስ የእንባውን ጣዕም ይዘን እንከራከራለን፤ እውነት ነው፣ ስሜት ነው እንላለን። ሸኹ መልሱን ሳያገኙ አለፉ። ጭንቀታቸውም እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም ይባላል። ምናልባት እኛም ሳናገኘው እናልፍ ይሆናል። እንባው ከደረቀ በኋላ ምላሳችን ላይ ምን ቀረ፤ እውነት ወይስ ውሸት? ይህን ግን መጠየቅ አያቅተንም። በልቦች ውስጥ ያለውን የልቦች ባለቤት ያውቃል።